ኪቲላ ለፕላኔት ስም ያወጣ ጊዜ

መቱ ውስጥ ልጅ የወለደ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ኪቲላ ዶሪ ጠረጴዛ ፊት መቆሙ አይቀርም። ኪቲላ የቀበሌው የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ነው። ማን ተወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ሞተ የሚለውን በትልቁ መዝገብ የሚያሰፍረው እሱ ነው። ሞትን ዝም ብሎ ይጽፋል፣ ጋብቻን ፈገግ ብሎ ይጽፋል፣ ልደት ላይ ሲደርስ ግን ወግ ያበዛል። የሕፃኑን ስም ሰምቶ ወዲያው ብዕሩን አያነሳም። እናትና አባትን ከተቀመጡበት ያስነሳና በሩ ላይ ያቆማቸዋል። ከቢሮው በር እስከ ግቢው መውጫ ሠላሳ እርምጃ ያህል ይሆናል።

«ልጁ እዚያ መውጫው ጋ እየተጫወተ ነው እንበል። በሉ ጥሩት» ይላል።

ሦስት ጊዜ ያስጠራቸዋል። አንዴ ለምሳ፣ አንዴ በቁጣ፣ አንዴ ደግሞ በፈተና አንደኛ ወጥቶ የመጣ ልጅ እንደሚጠራ አድርገው። ሕጉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ቢሆንም እምቢ ያለው የለም። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት አባት ከቴሌቪዥን የሰማውን ረጅም የባዕድ ስም ይዞ መጣ። ለምሳ እንደምንም ጠራው። በቁጣ ሊጠራው ሲል ግን መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ቆመ። ሚስቱ ሕፃኑን እንዳቀፈች በሩን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በሳምንቱ ሌላ ስም ይዘው ተመለሱ።

የሰው ልጅ ስም ላይ እንዲህ የሚራቀቀው ኪቲላ፣ ለራሱ ልጆች አንድም ስም አውጥቶ አያውቅም። አራት ሴቶች ልጆች አሉት። የመጀመሪያዋን «በምነት» ያለቻት የሚስቱ የሳያት እናት ናት። ከዳሪሙ በእግሯ መጥታ፣ ጭቃዋን ሳታራግፍ፣ ሕፃኗን ገና ከመቀበሏ ስሙን ተናገረች። ሁለተኛዋን «ሴና» ያላት ታላቅ ወንድሙ ነው፤ በግ እየጎተተ መጥቶ ስሙንም በጉንም አንድ ላይ አስረከበ። ሦስተኛዋ ስትወለድ ሽማግሌዎች ምርቃቱን ከማስረዘማቸው የተነሳ ቤቱ ሁሉ «አሜን፣ አሜን» ሲል ዋለ፤ የሰፈሩ ሕፃናት የልጅቷ ስም መስሏቸው በዚያው ጠሯትና አሜን ሆና ቀረች። አራተኛዋን እህቶቿ ገና ሳትወለድ «ዓያንቱ» ብለው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፈው ጠበቋት። አራቱንም ጊዜ ኪቲላ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «መልካም ነው።»

ግን ሆዱ ውስጥ አንድ ስም ነበረችው። ለመጀመሪያዋ ልጅ አስቦ ያስቀመጣት፣ ለማንም ያልነገራት። ሌሎች አባቶች በሩ ላይ ቆመው ያወጡትን ስም ሲጣሩ በሰማ ቁጥር ያቺ ስም ሆዱ ውስጥ ትገላበጥበታለች። አንድ ቀን ጓደኛው ነዚፍ ሊያጽናናው ሞክሮ ነበር። አራቱም ልጆችህ «ኪቲላ» እየተባሉ ይጠሩ የለ እንዴ፣ ከዚህ በላይ ስም ምን አለ አለው። ኪቲላ ግን አልተጽናናም። «እሱንማ ያወጣው አባቴ ነው» አለ።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው ወሬው መቱ የደረሰው። ይዘውት የመጡት መምህር ገብረ መድኅን ናቸው። ጎሬ ተወልደው፣ አርባ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ከጣሂራ ሻይ ቤት ገብተው ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ጀመሩት። የዓለም የሥነ ፈለክ ሰዎች ማኅበር ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብና እሱን የምትዞር አንዳንድ ፕላኔት አድሏል። ለኢትዮጵያም ደርሷታል። ስማቸውን ሕዝቡ ያውጣ ተብሏል፤ ሁለቱ ስሞች ግን ዝምድና ይኑራቸው፣ በሕይወት ላለ ሰው መታሰቢያ አይሁን፣ የንግድም አይሁን።

ሻይ ቤቷ ውስጥ የነበሩት አራት ናቸው፤ መምህሩ፣ ማርና ቅመም የሚሸጠው ነዚፍ፣ ባለቤቷ ጣሂራና ለምሳ የወጣው ኪቲላ። ኪቲላ ብርጭቆውን አስቀመጠና ከኪሱ ወረቀት አወጣ። እጁ የለመደውን ነው የሠራው፤ «የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ቦታ» ብሎ መስመር አሰመረ።

መምህሩ ወረቀቱን አይተው አልሳቁም። እንዲያውም ትክክል ነው አሉ። ፕላኔቷ ብርሃኗንም ሙቀቷንም የምታገኘው ከኮከቡ ነው፤ ከደጁም ርቃ አትሄድም፤ አባቷ ቢባል አይከፋም። ከዚህ ከእኛ ፀሐይ ወዲያ፣ በጣም ሩቅ ነው ያለችው፤ በዓይን አትታይም። አንድ ዓመቷ የእኛን ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ይህን ሲሰማ ነዚፍ፣ እንዲህ ከሆነማ አንደኛ ዓመቷን ስታከብር ጥርሷን አውጥታ፣ በእግሯ ሄዳ፣ ጎረቤት ማስቸገር ጀምራለች አለ።

ከዚያ ስም ማውጣቱ ተጀመረ። መምህሩ አስበውበት ነው የመጡት። ኮከቡ ጎሬ፣ ፕላኔቷ መቱ ትባል አሉ፤ ጎሬ የቀድሞዋ የኢሉባቦር መቀመጫ ናትና በታሪክም ይገባታል።

ነዚፍ ብርጭቆውን ገፋ አደረገ። «መምህር፣ መቱ የጎሬ ልጅ ናት ብለን ሰማይ ላይ ልንጽፍ ነው? እኔ ነገ ሱቄን በየት በኩል ከፍቼ እገባለሁ?»

እሱ ደግሞ በተራው «ማር» የሚል ስም አመጣ። መምህሩ ንግድ ተከልክሏል ብለው ነገሩን አጠፉበት፤ ሱቅህን በነፃ ልታስተዋውቅ ነው ብለው ጨመሩበት። ሁለቱ እየተናከሱ ሳለ ጣሂራ ፓስቲውን ከዘይቱ እያወጣች፣ ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች። ኮከቡን ሶር በሉት አለች። ወንዙ የጎሬም የመቱም ነው፤ ፏፏቴውን አይቶ የተጣላ ሰው የለም። መምህሩም ነዚፍም ተስማሙ። የአባት ስም እንዲህ ተገኘ። ኪቲላ ጻፈው።

የልጅቷ ስም ላይ ግን ነገሩ ተመልሶ ተወሳሰበ። መምህሩ ሦስት አመጡ፤ ነዚፍ አራት። ኪቲላ የተባለውን ሁሉ እየጻፈ፣ እየሰረዘ ቀጠለ። በየመሀሉ አንገቱን ይነቀንቃል፤ «መልካም ነው» የምትለዋም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳለች። የምሳ ሰዓቱም እያለቀ ነው። መምህሩ በመጨረሻ፣ እንግዲህ ከእነዚህ አንዱን አንተ ራስህ ምረጥና ጻፈው ብለው ጃንጥላቸውን አነሱ።

ኪቲላ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ያቺን ስም በሆዱ ከያዘ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ይቺም ካለፈች ሌላ ልጅ የለም፤ ሌላ ፕላኔትም አይመጣም። አራት ጊዜ ያለፈው አምስተኛ ሊያልፍ ነው። ብዕሩን መልሶ አነሳ።

«ለሊሴ» አለ።

ሦስቱም ዞር ብለው አዩት። ድምፁ እሱ ራሱ ከጠበቀው በላይ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በችኮላ፣ እንዳያቋርጡት የፈራ ይመስል ምክንያቱን ደረደረ። ለሊሴ ማለት ለምለሟ፣ ያማረች ማለት ነው። ሶር በሄደበት ሁሉ የሚያወጣው ልምላሜን ነው፤ እንግዲህ ልጁ ናት። ስሙ ሲጻፍ ለሊሴ ሶር ይሆናል።

መምህሩ ጃንጥላቸውን አስቀመጡ። ነዚፍ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የሚያልፈው ሰው አይደለም። «ቆይ ቆይ። የአገሩን አባት በር ላይ እያቆምክ ስታስጮህ ኖረህ፣ ያንተ ሲሆን ዝም ብሎ ሊመዘገብ ነው? ተነሥና ጥራ።»

«ዱጋ ነው» አለች ጣሂራ፤ እውነቱን ነው ማለቷ ነበር። «ይጥሯታ፣ ጋሼ ኪቲላ።»

ኪቲላ ተነሣ። ዝናቡ አባርቷል፤ መናኸሪያው ሰው በሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገና ለምሳ እንደሚጣራ አባት ጮኸ፤ «ለሊሴ!»

«አቤት!» አለች ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት። «አቤት!» አለች ደብተሯን ራሷ ላይ የደፋች ተማሪ። ወደ ጎሬ ሊነሣ ከሚያጓራው ሚኒባስ መስኮት ደግሞ አንዲት ነፍሰ ጡር አንገቷን አስግጋ፣ ማነው የሚጠራኝ ብላ ጠየቀች።

ነዚፍ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። መቱ ውስጥ ያለቀ ስም ነው፣ ለሰማይ የሚተርፍ የለም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኪቲላ እዚያው ላይ ይረታ ነበር። አሁን ግን ለሦስቱም ሴቶች እጁን በይቅርታ አንሥቶ ተመለሰና ተቀመጠ።

«ሦስት ሰው ጠርቼ ሦስቱም አቤት አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ስም ካለህ አምጣ» አለው። ወረቀቱንም አላስነካም። በራሱ እጅ፣ ለልደት ምስክር ወረቀት በሚጠቀምበት ጥንቅቅ ባለ ጽሑፉ ጻፈው።

ማመልከቻው የተላከው ከመምህሩ ስልክ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው በጣሂራ ሻይ ቤት መስኮት በኩል ብቻ ስለሆነ፣ አራቱም እዚያች ጥግ ላይ ተጠጋግተው ቆሙ። የመጨረሻዋን ቁልፍ የተጫናት ኪቲላ ነው። ቢሮ የገባው ሃያ ደቂቃ አርፍዶ ነበር፤ መንታ ይዛ ስትጠብቀው የቆየች እናት ልትቆጣው ብላ ፊቱን ስታየው ተወችው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሳያት ባሏ መለወጡን አይታለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ላይ ስለምትውል ገቢ ወጪውን ታያለች። ሲገባ ያፏጫል፣ ሲወጣ ያፏጫል። ምን አገኘህ ስትለው ምንም ይላታል። ስሙ ከወደቀ ቤተሰቡ ይስቅብኛል ብሎ ሰግቶ ነበርና ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ውጤቱ የተሰማው በታኅሣሥ 2012 ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ሁሉም ምሳ ላይ ናቸው። በምነትም ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታለች። ሬዲዮው ስለ ኮከቡ መናገር ሲጀምር ኪቲላ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ኮከቡ «ቡና» ተብሏል፤ ፕላኔቷ «አቦል»።

ሰፈሩ ፈነደቀ። ቡና ከተባለ ከኢሉባቦር ሌላ የማን ሊሆን ነው? ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ነዚፍ ደወለ፤ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ይሰማል። ተሸነፍኩ እንዳትል፣ ሰማይ የወጣው የጓሮህ ተክል ነው ብሎ ስልኩን ዘጋ። ኪቲላም ሳያስበው ሳቀ። አቦልን በልቡ በሩ ላይ ቆሞ ጠርቷት ነበር፤ ለምሳም ለቁጣም ትሆናለች።

«ምንድን ነው የተሸነፍከው?» አለች ሳያት።

ሊሸሽ ፈልጎ አልቻለም፤ አምስት ሴቶች እያዩት ነው። የሻይ ቤቱን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከላቸው።

«ለሊሴ?» አለች ሳያት። «እሷ ደግሞ ከየት መጣች?»

«ለበምነት ያሰብኳት ነበረች። ሳትወለድ ጀምሮ።»

ሳያት ውኃ ልትቀዳ ያነሣችውን ማንቆርቆሪያ መልሳ አስቀመጠች። «ሦስት ቀን ጠብቄህ ነበር እኮ። እናቴ ከዳሪሙ እስክትደርስ ሦስት ቀን። በሩን በከፈትክ ቁጥር አሁን ሊናገር ነው እላለሁ። አንተ ሻይ ላምጣልሽ ወይ ብለህ ትመለሳለህ።»

«ሰው በዝቶ ነበር።»

«ሁለተኛው ቀን ላይ ማን ነበር? እኔና አንተ ብቻ ነበርን። ዝናቡ ሰው አላስወጣም ብሎ።»

ኪቲላ አሰበው። እውነቷን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስሙን ቀሙኝ ሲል የኖረው ሰው፣ ቀሙኝ የሚላቸውን አንድ በአንድ ቢያስብ ማንንም አጣ። ፊቱ ላይ የመጣው ነገር እንዴት ያለ እንደነበር እሱ አላወቀም፤ ሳያት ግን አይታው በሳቅ ፈረሰች። በምነትም ተከተለች። «ለሊሴ ኪቲላ» አለች ሁለት ጊዜ፣ እንደሚለካ ቀሚስ ወዲያ ወዲህ እያዟዟረች። ለፊርማ ታምራለች፣ ግን አሁን መታወቂያዬን ማን ይቀይርልኛል አለች። መዝጋቢው ዘመድሽ ነው አላት ሴና።

«ሌላም በሆድህ ያለ ካለ አሁኑኑ አውጣው» አለች ሳያት፣ ዓይኗን እየጠረገች።

አለ። ለሴና ያሰበው «ጃለኔ» ነበር፤ ወደድናት እንደማለት ነው። ሴና፣ ስሟ ታሪክ ማለት ነውና፣ ሰምታ አኮረፈች፤ ታሪክ ከመባል መወደድ አይሻልም ነበር ወይ አለች። አሜን ስትወለድ ሳምንት ሙሉ ስለዘነበ «ዘነበች» ሊላት አስቦ ነበር። አሜን ጉርሻዋን ትን ብሏት፣ ሽማግሌዎቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው ስትል ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ።

የዘጠኝ ዓመቷ ዓያንቱ ተራዋን ስትጠብቅ ቆይታ እጆቿን አጣመረች። «የእኔስ?»

ኪቲላ ሊዋሽ አልፈለገም። «ላንቺስ አላሰብኩም ነበር። እህቶችሽ ጽፈው ጨርሰው ነበር።»

«እንግዲያው አሁን አስብ» አለች።

ሳያት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ኪቲላ ልጁን አያት፤ ፊቷ ላይ ወጥ አለ፣ ዓይኗ አይነቀልም። አሁን አላቅማማም።

«ሀዊ» አለ።

ዓያንቱ ትርጉሙን ታውቀዋለች፤ ምኞት ነው። ጥቂት አኘከችው። ከዚያ ዓያንቱን ለትምህርት ቤት፣ ሀዊን ለቅዳሜና እሁድ እንደምታደርገው አስታወቀች። ያ ቀን ቅዳሜ ስለነበረ፣ እስከ ማታ ድረስ ዓያንቱ ብለው ቢጠሯት ቢለምኗት ወይ ሳትል ዋለች።