ጀንፈል ላይ የዘነበው ረቂቅ

በቤታችን ሁለት ነገር አይጣልም፤ ምግብና ወረቀት። ምግቡ ይበላል። ወረቀቱ ግን የሚበላው ስለሌለ ለዓመታት እየተከማቸ ሄዶ የእንግዳ ክፍላችንን ወረሰ። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ያላጣራሁትን አልጽፍም፣ የጻፍኩትን አልጥልም። የውሃ ደረሰኝ፣ የልጆች የፈተና ወረቀት፣ የስብሰባ መጥሪያ፣ የዘገባ ረቂቅ፣ ሁሉም በየዓመቱ ተለይቶ በካርቶን ተደርድሯል። ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን የባለቤቴ እህት ከሐዋሳ ዲላ ድረስ መጥታ በካርቶኖቹ መሀል ፍራሽ አንጥፋ ካደረች በኋላ፣ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ወይ ወረቀቱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ።»

«አማራጮቹን ላጣራ» አልኳት።

«ይኸው! ይኸንንም ሊያጣራ ነው!»

አጣራሁ። ለሱቅ መስጠት አይሆንም፤ አንድ ጊዜ ከሰፈራችን ሱቅ ኦቾሎኒ ስገዛ የተጠቀለለልኝ በራሴ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ባለሱቁም «ጋሼ፣ የእርስዎ ጽሑፍ ለቆሎም ይሆናል» ብሎ ሥቆብኛል። ማቃጠልም አይሆንም። ከአጥራችን ማዶ ሁላችንም እትዬ የምንላት ጎረቤታችን ቡና ታደርቃለች፤ ጭስ ደግሞ ቡና ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የቀረው ጓሮ ነበር። ወረቀቱን ቆራርጬ ኮምፖስት ማዳበሪያ ላደርገውና ለእንሰታችን ልሰጠው ወሰንኩ።

አንድ የግብርና ባለሙያ ጠይቄ መልሱን በማስታወሻዬ ያዝኩ። የሚያብለጨልጨውንና ቀለም የበዛበትን ለይ። ቀሪውን በጣት ስፋት ቁረጥ። ከልጣጭ፣ ከቡና ገለፈትና ከፍግ ጋር ደባልቅ። ውሃ አጠጣ። ሸፍን። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየምሽቱ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ በባለቤቴ የስፌት መቀስ ቆረጥኩ። የጣቴ ቆዳ ተላጠ።

እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ትሥቅብኝ ነበር። «እኛ ጌዴኦዎች እንሰትን ፍግ ነው የምናበላት። አንተ ዜና ልታበላት ነው? ሆዷን ታሳምማታለህ!»

እሷ ግን በዚያ ሰሞን የምትሥቀው በእኔ ላይ ብቻ ነበር። በራሷ ጓሮ ቀልድ አልነበረም። በእንጨት ላይ በተወጠረ ሽቦ፣ አልጋ በምንለው ላይ፣ ከነገለፈቱ የሚደርቅ ቡና ማለትም ጀንፈል ዘርግታለች፤ ሦስት አልጋ ሙሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከጪጩ የመጣው የቡና ነጋዴ እጁን ጀንፈሏ ውስጥ ሰዶ አንድ የዶሮ ላባና ሁለት የበቆሎ ፍሬ አወጣ። ሳይገዛ መዳፏ ላይ አስቀምጦላት ሄደ። ቡናዋ ገበያ ወጥቶ በርካሽ ተሸጠ፤ ሊለወጥ የታሰበው የቤቷ ቆርቆሮም ሳይለወጥ ክረምቱን ሲያፈስባት ከረመ። በዚህኛው ዓመት በእጇ እያገላበጠች፣ ሲመሽ ሸራ እያለበሰች፣ የገዛ ዶሮዎቿን በዱላ እያሳደደች ነው ያደረቀችው። ነጋዴው ተመልሶ የሚመጣው በነጋታው ጠዋት ነበር።

«ዘንድሮ ላባ አይደለም፣ ትንፋሽ አያገኝባትም» አለችኝ።

በዚያው ቀን ቁርጥራጩን ከፍጉ አጠገብ ከምሬ ልደባልቀው ስል ቧንቧው ደርቋል፤ የሰፈራችን የውሃ ተራ አልነበረም። የቀረችውን አንዲት ጀሪካን ባለቤቴ ለወጥ ፈለገቻት። «ነገ አጠጣዋለሁ» አልኩና ክምሩን በእንሰት ቅጠል ሸፈንኩት። ድንጋይ አልጫንኩበትም። ስንት ዓመት ሥራዬን ለነገ ሳላሳድር ኖሬ፣ ያሳደርኩት ያንን ብቻ ነው።

እትዬ ከጀንፈሏ ያባረረቻቸው ዶሮዎች በአጥሩ ሥር ሾልከው ወደኔ መጡ። ቅጠሉን ገለጡና ትል ፍለጋ ክምሩን ይጭሩት ጀመር። ከዚያ ነፋሱ ተነሣ። ደረቁ ወረቀት አንድ ጊዜ ተንሿሿ፣ እንደ ነጭ ቢራቢሮ መንጋ ብድግ አለ፣ አጥሩን ተሻገረና ወረደ። በሥራዬ ጎርፍ አይቻለሁ፣ የተገለበጠ አውቶቡስ አይቻለሁ፤ ሰዓቱንና ቦታውን መዝግቤ ጽፌያለሁ። አሁንም መጀመሪያ ያደረግኩት ሰዓቴን ማየት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ይላል።

«አንተ ጋዜጠኛ! ምን አዘነብክብኝ?»

«ወረቀት ነው፣ እትዬ። ንጹሕ ነው፣ ቀለም የበዛበትን ለይቻለሁ።»

«ነጋዴው ንጹሕ ወረቀት ነው ብሎ ሊገዛኝ?» ሦስቱም አልጋዎች ነጭ ለብሰዋል። ላዩ ላይ ያለውን ማንሣት ቀላል ነው፤ ነፋሱ ግን ገሚሱን በፍሬው መሀል ወትፎታል።

ባለቤቴ እኔን ለመቆጣት ጊዜ አላባከነችም። የእትዬ የጸሎት ቡድን ሴቶች መዝሙር መጽሐፋቸውን ይዘው እየመጡ ነበርና በሩ ላይ ተቀብላ በየአልጋው አሰለፈቻቸው። «ዛሬ ጸሎቱ በእጅ ነው» አለቻቸው። ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህርም መነጽራቸውን ይዘው መጡ። ለቀማው ተጀመረ። እትዬ ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እለቅማለሁ።

ድንገት መምህሩ አንዷን ቁራጭ ከዓይናቸው አራቅ አድርገው እንደ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡ።

«"በምድር ላይ ካሉት ሴቶች ሁሉ ቆንጆዋ አንቺ ነሽ።" ይሄ በቀይ ተሰርዟል። ከጎኑ፣ "አልተጣራም" ይላል።»

ባለቤቴ ቀና አለች። እኔ የእጅ ጽሑፌን ለየሁት። ከመጋባታችን በፊት አንድ ዓመት አርባ ምንጭ ተመድቤ ሳለሁ ለእሷ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። እኔ ደግሞ ያለ ረቂቅ የምጽፈው የለም፤ አርሜ ነው የምገለብጠው። ከካርቶኖቹ ሁሉ ሳላነብ የቆረጥኩት አንድ ፋይል ነበር፤ ሽፋኑ ላይ «ረቂቅ» ስለሚል ብቻ።

«እኔም አገኘሁ!» አለች አንዷ ሴት። «"ሰው ሁሉ ስለ መልክሽ ያወራል።" ቀይ ደግሞ፣ "ማን አለ? ምንጭ?"»

«"ያላንቺ አንድ ቀን መኖር አልችልም"» አሉ መምህሩ፤ «የታረመው፣ "ያላንቺ አራት ወር ኖሬያለሁ፤ ከባድ ነው"!»

ባለቤቴ ወገቧን ያዘች። «ለካ ለዚህ ነው! የደረሰኝ ደብዳቤ "እስካሁን ዲላ ውስጥ ካየኋቸው ሴቶች ቆንጆዋ" ነበር የሚለው! ስንት ዓመት ሙሉ፣ ይርጋጨፌ ሌላ አለችው እንዴ ስል ኖርኩ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት መዘገብ አልችልም። አንዷ ሴት የአልጋውን ቋሚ ይዛ ቁጭ አለች። መምህሩ መነጽራቸው በእንባ ርሶ በሸሚዛቸው ይጠርጉታል። እኔ ራሴ፣ ሲሥቅ አይቶት የሚያውቅ የለም የሚባለው ሰው፣ ሆዴን ይዤ አጥር ተደገፍኩ። እትዬም መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፣ ቀጥሎ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ በመጨረሻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ወይ ጉድ፣ ሚስቱንም አጣርቶ ነው ያገባት!» አለች።

አሁን ማንም ማቆም አልፈለገም። ደብዳቤው ሰፌድ ላይ ቁራጭ በቁራጭ እየተገጠመ ሲሄድ፣ የጎደለችውን ለማግኘት ጀንፈሉን ፍሬ በፍሬ ያገላብጡት ጀመር። እትዬ ነገሩ ገብቷታል። «እግረ መንገዳችሁን ብል የበላውንም፣ የጠቆረውንም አውጡ» እያለች በየአልጋው ትዞራለች። «ቀጣዩ መስመር ሥር ሳይሆን አይቀርም፤ ከሥር ፈልጉ!» ጀንበር ስትጠልቅ የመጨረሻው መስመር ብቻ ቀርቶ ነበር። ሦስት ጊዜ ፈለጉት፤ አልተገኘም። እኔ የፈራሁት ግን ነጋዴው እንዳያገኘው ነው።

ነጋዴው ጠዋት መጣ። ሰላምታ ሰጠና እጅጌውን ሰብስቦ የመጀመሪያው አልጋ ውስጥ እጁን እስከ ክንዱ ሰደደ። እትዬ ዓይኗን ጨፍናለች። ያወጣው ጀንፈል ብቻ ነበር። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ቆየ፤ አገላበጠ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ አየ፣ እንደገና ገባ። ምንም የለም።

«እትዬ፣ ስንት ቀን ነው ያስለቀምሽው?»

«አንድ ከሰዓት። ደብዳቤ እየተነበበላቸው።»

አልገባውም። ጆንያ አስመጣ።

እትዬ እስኪመሽ ሳትጠብቅ፣ ውሃው እንደመጣ፣ ጀሪካን ተሸክማ ወደኛ ጓሮ ገባችና የተለቀመውን ወረቀት ከፍጉ ጋር ደባልቃ አራሰችው። ቅጠል አለበሰችው፣ ድንጋይም ጫነችበት። «እንዲህ ነው ሥራ» አለችኝ። ክምሩ ሞቀ፣ ጎደለ፣ በበልግ ጥቁር አፈር ሆነ። ከጓሮዋ የእንሰት ችግኝ አምጥታ እሱ ላይ ተከለችልን። ክረምት ሲገባ አዲሱ ቆርቆሮዋ በዝናቡ ሲንኳኳ ከቤታችን ይሰማን ነበር።

ባለቤቴ የመጨረሻው መስመር ምን ይል እንደነበር ትጠይቀኛለች። አላስታውስም፤ ያላስታወስኩትንም አልናገርም። «እንግዲያው አዲስ ጻፍልኝ» አለችኝ።

ይኸው ለቀማ ደረሰ። ትናንት እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብላ፣ «ጋዜጠኛው፣ ዘንድሮስ ደብዳቤ የለህም? ለቃሚ ቸግሮኛል» አለች።

ባለቤቴ ከኩሽና መለሰችላት፦ «አንድ መስመር ጀምሯል፣ እትዬ። ገና እያጣራ ነው!»