በረኪና የበላው ከል

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል የገባችበት አዳሪ ትምህርት ቤት እንጦጦ ወገብ ላይ፣ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፍ መሐል ነው። የክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ ማለዳ ተነሥተው ይጸልያሉ፣ ማደሪያቸውን ይጠርጋሉ፣ ጎመን የተከሉበትን መደብ ያጠጣሉ፤ ሻይ በዳቦ የሚቀርብላቸው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ፣ እንደ እኔ እንዳትቀር ብዬ አስገባኋት ብል ሰው ያምነኛል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያስገባኋት እዚያ አልጋ ስለሚሰጧት ነው።

የምሠራው ላምበረት፣ መናኸሪያው አጠገብ ካሉት አልጋ ቤቶች በአንዱ ነው። አንሶላ አጥባለሁ፣ ክፍል አጸዳለሁ። የምኖረውም እዚያው ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነው። መንገደኛው፣ ሹፌሩ፣ ተሸካሚው ሁሉ የሚያልፈው በደጃፋችን ነው። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ በሩን እያንኳኩ «ውሃ አለ?» የሚሉ ወንዶች በዙ። ቧንቧው ግቢው መሐል ነው፤ ዕውር ካልሆነ በቀር የማያየው የለም። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠላኝ። ስለዚህ ሰው ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ ያን አልጋ አገኘሁላት። ተደራራቢ አልጋ ነው፤ የእሷ የላይኛው ነው። መጀመሪያ ቀን አንሶላውን ያነጠፍኩላት እኔ ነኝ።

ማደሪያው በር ላይ ደንብ ተለጥፏል። ቀስ ብዬ አነበብኩት። እያንዳንዷ ተማሪ ልብሷን በራሷ እጅ ታጥባለች። ከዚህም ሌላ፣ በአካባቢው ካሉት አቅመ ደካሞች አንድ አንድ ሰው ይመደብላታል። ቅዳሜ ጠዋት የዚያን ሰው ልብስ ሰብስባ ትመጣለች፣ ከራሷ ጋር ትምህርት ቤቱ ገንዳ ላይ ታጥባለች፣ እሑድ መልሳ ታደርሳለች። ፕሮክተሯ፣ ማደሪያውን የምትጠብቀው ማለት ነው፣ ደብተር ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሥራዋን ሦስት ጊዜ ያጎደለች አልጋዋን ለሌላ ለቃ ተመላላሽ ትሆናለች። ለሌላው ልጅ ተመላላሽ መሆን ማታ ማታ ቤት መግባት ነው። ለእኔ ልጅ ላምበረት መመለስ ነው።

ደንቡን እንዲህ አውቄው ነው እንግዲህ ያጠፋሁት።

ጥቅምት ላይ ልጠይቃት ሄጄ እጇን ስይዘው ሻከረኝ። ጣቶቿ መገጣጠሚያው ላይ ተሰነጣጥቀዋል። የእንጦጦ ውሃ በጥቅምት አጥንት ይበላል። እጇን አገላብጬ ሳየው የራሴን እጅ ያየሁ መሰለኝ። እኔ አንሶላ ማጠብ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

«ልብስሽን ለእኔ ስጪኝ» አልኳት።

«እማ ተይ፣ ከታወቀ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ማን ያያል? እነሱ ሲያጥቡ አንቺ አጥኚ።»

«ያንቺስ የት አለ ሲሉኝ?»

«ጨርሻለሁ በያ! ቀድሜያችሁ ተነሥቼ አጠብኩ በያ።»

ውሸት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይህን መጻፍ አይቀለኝም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የአልጋ ቤቱን አንሶላ አጥቤ እጨርስና ሁለት ታክሲ ቀይሬ ቀሪውን ዳገት በእግሬ እወጣለሁ። በታችኛው አጥር በኩል ሽቦው የላላበት ቦታ አለ። ልጆቹ ገንዳው ዙሪያ ውሃ ሲራጩ፣ ሲዘምሩ፣ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ልጄ በአንሶላዋ የጠቀለለችውን ልብስ በሽቦው ሥር ታሳልፍልኛለች። ነጭ የደንብ ልብስ ሸሚዝ፣ ካልሲ፣ የትራስ ልብስ። አንዳንዴም አሮጌ ነጠላ ይኖርበታል፤ ለጸሎት የምትለብሰው ይሆናል ብዬ አጥብ ነበር። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉን ያያሉ፣ ምንም አይናገሩም፤ ብቻ ከኋላዬ «ላውንደሪው ዛሬም መጣ!» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እወርዳለሁ። እሑድ ደግሞ ያጠብኩትን ይዤ ተመልሼ እወጣለሁ። በሳምንት የማርፍበት ቀን አልነበረኝም። ወገቤ እንደ ሰው ሆኖ ይናገረኝ ጀመር።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ገና እየቀረበ ስለሆነ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገደኛ ከወትሮው በዝቷል፤ አንድ አልጋ በቀን ሁለት ሰው ያድርበታል ማለት ይቀላል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የልጄን ጥቅል ይዤ ስመለስ ሌላ አንሶላ ተከምሮ ጠበቀኝ። እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ልብስ ሳልዘረጋ፣ ኪስ ሳልፈትሽ፣ ነጩን ከቀለሙ ሳልለይ ውሃ አላስነካም። የዚያን ዕለት ግን እጄን ማንሳት አቃተኝ። የልጄ ሁሉም ነጭ ነው ብዬ ጥቅሉን እንደታሰረ ከአንሶላዎቹ ጋር ሳፋው ውስጥ ጨመርኩት፤ በረኪናውንም አፈሰስኩበት።

እሑድ ጠዋት ስፈታው ከመሐሉ ቀሚስ ወጣ። ጥቁር ቀሚስ ነበር። አሁን ግን ግማሹ ዝገት መስሏል፣ ግማሹ ቡላ ሆኗል፣ ብብቱ ሥር ብቻ ጥቁሩ ቀርቷል። የማን እንደሆነ አላወቅኩም። ልጆቹ ድራማ ይሠራሉና የዚያ ይሆናል አልኩ። ለማንኛውም ብዬ ከሱቅ ጥቁር ማቅለሚያ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሄድኩ።

ልጄ ልብስ ለማድረስ በምትወጣበት ሰዓት መንገድ ላይ ጠበቅኳት። ገና ከሩቅ ስታየኝ ፊቴን አነበበችው።

«ምን ሆንሽ?»

ቀሚሱን አሳየኋት። አፏን በእጇ ያዘች።

«ጥቁሩን? እማ፣ ጥቁሩን በረኪና?»

«ጥቅልል አድርገሽ ሰጠሽኝ፣ እኔ ምን ላድርግ! የማን ነው?»

«የእማማ ነው። የተመደብኩላቸው አሮጊት። ልጃቸው ሞቶባቸው ያጠለቁት ከል ነው። ከላያቸው ላይ አውልቀውት አያውቁም። ነገ ዐሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት ስለሆነ ንጹሕ አድርጌ ልሳለም ብለው ትላንት ገና መስጠታቸው ነው።»

መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። ስንት ሳምንት ያጠብኩት ነጠላ የእኚያ ሴትዮ ነበር። ልጄ የራሷን ብቻ ሳይሆን የተመደበላትንም ሥራ ለእኔ ስትሰጥ ከርማለች። ይህ ከተሰማ አልጋዋ አለቀለት።

«ፀሐይ አበላሸው እንበላቸው» አልኳት።

«ፀሐይ በአንድ ቀን? እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲያሰጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሕፃን መሰሉሽ?»

ተነሥቼ ተከተልኳት።

ቤቱ የጭቃ ነው። እማማ ደጃፉ ላይ፣ በጋቢ እስከ አንገታቸው ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሌላ የሚለብሱት ስለሌላቸው ከትላንት ጀምሮ ከደጅ አልራቁም።

«እንደምን ዋሉ እማማ» አልኩ ዝቅ ብዬ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይቺ ማናት?»

«እናቴ ናት» አለች ልጄ።

«እሰይ። እንኳን ደኅና መጣሽ። ልብሴስ?»

ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«በረኪና» አሉ።

«አዎ እማማ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

ቀሚሱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፦ «ልጄ ካረፈ ዓመት ከመንፈቁ ነው። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ፣ ይበቃሻል አውልቂው ብለው ለምነውኝ እምቢ ያልኳቸውን፣ አንቺ ሳላውቅሽ በአንድ ሌሊት አስወለቅሽኝ!» አሉ። ሳል መሰለኝ፤ እየሳቁ ነበር። ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ። «ነገ ምን ለብሼ ልሳለም? ቡላ ለብሳ መጣች ይበሉኝ?»

«ቀለም ይዣለሁ እማማ።»

«ቆይ፣ ቆይ። የምታጥብልኝ ይቺ ልጅ አልነበረችም እንዴ?»

ልጄ አቀረቀረች። «እማ ናት ስታጥብ የነበረችው።»

«አንቺ እዚህ ከእኔ ጋር ስትውዪ?»

ያኔ ነው የሰማሁት። ልጄ ቅዳሜ ጥቅሉን ለእኔ ከሰጠች በኋላ ጥናት አትገባም ነበር። እዚህ መጥታ ከእማማ ጋር ትቀመጣለች። ስለ ልጃቸው ትጠይቃቸዋለች፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ ሲቆጣ እንዴት እንደሚሆን። «ሰው ስለ እሱ መጠየቅ ትቷል» አሉኝ እማማ፣ «ስሙን ሳነሣ እንኳ ወሬ ይለውጡብኛል። ይቺ ግን ትጠይቀኛለች።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ የመጣብኝ ድካም ብቻ ነው። እሷ እንድታጠና ብዬ በወገቤ የገዛሁላትን ሰዓት ወስዳ ለማላውቀው ሰው ሰጥታዋለች። ልቆጣት ፈለግኩ፤ ለምን እንደምቆጣት ግን ጠፋኝ።

እሳት አቀጣጠልን። ውሃ ጣድን። እማማ ከተቀመጡበት ሆነው ያዝዙናል፦ «ቀለሙን ለብቻው በጥብጪው። ጨው ጨምሪ፣ እፍኝ አይበቃም። ልብሱ እርጥብ ይሁን፤ ደረቁን ከከተትሽው ይዥጎረጎራል። አማስይ፣ እጅሽን አታሳርፊ!» እየተቀባበልን በእንጨት አማሰልን። ቀዝቀዝ ሲል መጭመቅ መጣ። ልጄን በክርኔ ገፋ አደረግኳት።

«አንቺ አትንኪ፤ እጅሽ ይጠቁራል። ነገ ክፍል ውስጥ ሁሉም ያይሻል።»

«አሁንም ልታጥቢልኝ ነው?» አለችና ሁለት እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ነከረችው።

ቀሚሱን አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን እሷ ይዘን ጨመቅነው። ንፋስ አለ፣ እስከ ነገ ይደርቃል አሉ እማማ። ግራ ትከሻው ላይ ቀለሙ እምቢ ብሎ ቀይ ነገር ቀርቷል። «ነጠላ ይሸፍነዋል» አሉ። አልመረቁንም፣ አልወቀሱንም። ስንወጣ ብቻ ለልጄ «ቅዳሜ ትመጫለሽ አይደል?» አሏት።

መንገድ ላይ እጃችንን በአፈር አሸን፤ በቅጠል ሞከርን። አልለቅ አለ። በር ላይ ዘበኛው አራቱንም እጅ አይተው «ላውንደሪው ማቅለምም ጀመረ?» አሉ። ያን ቀን ግን አብረውን ወደ ውስጥ ገቡ፤ ብቻችንን ሊሰዱን አልፈለጉም መሰለኝ።

ፕሮክተሯ ማደሪያው ደጃፍ ቆማለች። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ልጄ ዘግይታ ነበርና ተቆጥታለች፤ ዓይኗ ግን እጃችን ላይ ዐረፈ። ልጄ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት። ከጥቅምት ጀምሮ ያጠብኩት እኔ ነኝ አልኩ። ደብተሩን አውጥታ ገለጠችው። በልጄ ስም አንጻር ምልክቱ ተሰልፏል፤ አንድ ቅዳሜ አልጎደለም።

«ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እናቴ፣ ደንቡን ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ። አልጋዋን አይውሰዱባት። ወደ እኔ ከተመለሰች…»

ከዚያ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳት። ስለ አልጋ ቤቱ፣ በሩን ስለሚያንኳኩት ሰዎች፣ ሌሊቱን በሩ ሥር ተቀምጬ ስለማነጋው። ልጄ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር። በሩ ሥር እንደማነጋ አታውቅም ብዬ ነበር የማስበው፤ ፊቷን ሳየው ግን ያወቀችው ቀድሞ ነው።

ፕሮክተሯ ደብተሩን ዘጋችው።

«አዛውንቷ ጋ መሄድ አላጎደለችም፤ እሱን ራሴም አይቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ስለዚህ አልጋው ለጊዜው አይነካም። የእጥበቱ ምልክት ግን በሙሉ ይሰረዛል። እስከ መንፈቅ ዓመቱ ከራሷና ከአዛውንቷ ልብስ ሌላ የማደሪያውን መጋረጃ ታጥባለች። አንድ ቅዳሜ ካጎደለች ተመላላሽ ናት።» ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎም እንደማንኛውም ወላጅ በወር አንድ እሑድ ይምጡ። ቅዳሜ አጥሩ አጠገብ ካየሁዎት ለእሷ እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ።»

አመሰገንኳት። ልጄ እስከ በሩ ሸኘችኝ። በጥቁር እጇ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ፤ «በይ ሂጂ፣ ሳይመሽብሽ» አለችኝ። ስወርድ ዞሬ ለማየት ፈራሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንሶላዬን አስጥቼ ጨረስኩ። ሳላስበው ጫማዬን አድርጌ፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ መንገድ ጀምሬ ነበር። ታክሲዎቹ «መገናኛ፣ መገናኛ» ይላሉ። አንዱ ቦታ ያዘልኝ። ውሃው ዛሬ ምን ያህል ይቀዘቅዝ ይሆን አልኩ። የመጋረጃው ጨርቅ ሲርስ ከባድ ነው፤ ብቻዋን እንዴት ትጨምቀዋለች? እግሬን ታክሲው ደረጃ ላይ እንዳደረግኩ ትንሽ ቆየሁ። «ግቢ እንጂ እናት፣ ሰው ይጠብቃል!» አለኝ ከኋላዬ የነበረ ሰውዬ። አሳለፍኩትና ተመለስኩ።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ዛሬ ልጅሽ ጋ አትሄጂም?»

«አልሄድም።»

«ምነው፣ ተኳረፋችሁ?»

«አይ። ልብስ እያጠበች ነው።»

ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ። ቀኑ ገና ሙሉ ነበር። እንቅልፍ እንደያዘኝ እንኳ አላወቅኩም።