ዙበይዳ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችበት ጠዋት

በባሕር ዳሯ ከተማ በማህዲያ የጠዋት ጭጋግ ከባሕሩ ተነሥቶ የጤና ጣቢያውን በር እንደ ድመት ታክኮ ያልፋል። በሩ ገና ሳይከፈት ወረፋው ተሰልፏል፤ የተሰለፈው ግን ሰው አይደለም፣ ዕቃ ነው! ዘንቢል፣ ነጠላ ጫማ፣ የተጠቀለለ የዓሣ መረብ። ባለቤቶቹ ግንቡ ጥግ ተቀምጠው ያወጋሉ። ዋና ነርሷ ዙበይዳ ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ የዕቃ ሰልፍ ላይ ነግሣለች። «የማነው ይሄ ሰነፍ ጫማ?» ስትል ሰፈሩ ይስቃል፤ ይታዘዛልም።

አሁን ጡረታዋ ደርሷል። ቦታዋን የምትረከበው ነርስ ሬይሃነ እጇ ወርቅ ነው፤ ድምፅዋ ግን ከጉሮሮዋ አይወጣም። «ሕዝቡ የሚሰማው እርስዎን ነው፣ እትዬ። ነገ ካልሰሙኝ ኃላፊነቱ ይቅርብኝ» ብላት ነበር ትናንት።

«እንግዲያው ነገ እኔ በሽተኛ ነኝ» አለቻት ዙበይዳ። «ደም ግፊቴን ልለካ እመጣለሁ።»

መጣችም! ነጭ ጋወኗን ትታ፣ ዘንቢሏን ሰልፉ ጭራ ላይ አኑራ፣ ደጅ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሬይሃነ በሩን ከፈተች። ዕቃዎቹን አየች፤ ቀጥላ ፊቶቹን አየች። የሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ የሸድሊ ፊት ዐመድ መስሏል፤ ጆሮው ላይ የሰካት የያስሚን አበባ እንኳ በላቡ ርሳለች።

«አባባ ሸድሊ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይግቡ።»

ዳቦ ሻጯ ሐሊማ እጇን ወገቧ ላይ ሰካች። «እንዴ! የሱ ጫማ የት፣ የኔ ዘንቢል የት! ዘንቢሌ ጎህ ሳይቀድ ነው የቆመችው!»

«ዘንቢልሽን እኮ አላላባትም፣ እማማ።»

አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሐሊማ ግን ወደ አግዳሚው ዞረች። «ዙበይዳ፣ ተናገሪያት እንጂ!»

ቃሉ የዙበይዳ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። «እኔ ምን አውቃለሁ? በሽተኛ ነኝ» ብላ ዐይኗን ከደነች። አግዳሚው ገመዱ እንደተፈታ ጀልባ በጭጋጉ ላይ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ መሰላት።

ዐይኗን ስትገልጥ ሬይሃነ ከጭራው የሸድሊን ጫማ አንሥታ፣ በሁሉም ፊት ተሸክማ፣ ከሐሊማ ዘንቢል ፊት አስቀመጠችው። «ከዛሬ ጀምሮ ጫማ ሳይሆን ፊት ነው የማየው!» አለች። ድምፅዋ እስከ ግንቡ ተሰማ።

ሐሊማ ጫማውን አየች፤ ሽማግሌውን አየች። «ታዲያ ምን ይገተራል? ደግፉት እንጂ!» ብላ ክንዱን የያዘችው ራሷ ናት።

ስኳሩ ወርዶ ኖሯል። ጣፋጭ ውሃ ጠጥቶ ፊቱ ሲመለስ ዙበይዳ በመስኮት አየች፤ እግሯም እንደ ልማዱ ወደ በሩ ወሰዳት።

«እትዬ! ወዴት ነው? ተራዎን ይጠብቁ እንጂ!» አለቻት ሬይሃነ።

ግንቡ ጥግ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ዙበይዳም ተመልሳ፣ እንደ ተመረቀች ልጃገረድ ፊቷ በርቶ፣ አግዳሚ ጀልባዋ ላይ ተቀመጠች።