አባቴ የቀየረው ገዳይ

ልጅ እያለሁ፣ ጅዳ ከተማ፣ በግዳዲያ የሚባል ሰፈር ሳለን፣ ዓርብ ከሰዓት ማለት ለእኔ ፊልም ማለት ነበር። የአየር መንገድ ሠራተኛ የነበረው አባቴ ማንም ስማቸውን የማያውቃቸውን የጥቁርና ነጭ ፊልም ካሴቶች ከየትም ለቃቅሞ ያመጣል። በሰው ቤት የሚሠሩ ያገራችን ሴቶች በእረፍት ቀናቸው ምንጣፋችን ላይ ይደረደራሉ፤ እጃቸው በረኪና በረኪና ይሸታል። አባቴ ሪሞቱን ይዞ ፊልሙን እያቆመ፣ ድምፁን እየቀያየረ ይተረጉምላቸዋል።

አንድ ዓርብ ባየነው ፊልም ወንጀሉ የተፈጸመው ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ነበር። ዜና አንባቢው ማይክሮፎኑ ፊት እያነበበ ድንገት ዝም ይላል፤ ሞቷል! በሚጠጣው ውሃ ውስጥ መርዝ ተጨምሯል። ማን ጨመረው?

ከሁሉም ፊት የተቀመጠችው እትዬ ዘይነብ ነበረች። ሳቂታ የወሎ ሴት ናት፤ በዚያ ሳምንት ግን ሳቋ ጠፍቷል። አሠሪዋ ማዳም «ወርቄን ሰርቀሻል፤ እስከ ቅዳሜ ካላመጣሽ ፖሊስ ነው» ብላ፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ኢቃማዋን ነጥቃ አባራታለች። እኛ ቤት ተጠግታ፣ ተመልሼ እውነቴን ልናገር ወይስ ልጥፋ እያለች ስትብሰለሰል ከረመች።

በመጨረሻ ገዳይዋ የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ሆና ተገኘች። ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት ለቃቅሜያለሁ። አባቴ ግን ዘይነብን አየት አደረገና ገዳዩ የጣቢያው አለቃ ነው አለ። ታዲያ ሴትዮዋ በካቴና ታስራ የምትወሰደውስ? «ምስክር ናት፤ እንዳትጎዳ እየጠበቋት ነው» ብሎ እርፍ! ጉድ እኮ ነው። «አባዬ...» ከማለቴ እናቴ ጭኔን መዠለገችኝ። ዘይነብ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት በራሷ እግር ወደ ማዳሟ ሄደች። በወሩ ተጠርዛ አገር ቤት መላኳን ሰማን። አባቴ «በውሸቴ አታልዬ ወደ ማዳሟ የላክኋት እኔ ነኝ» እያለ ሲቆጭ ኖረ፤ ከዚያ ወዲያ ፊልም አልተረጎመም።

ዛሬ ልጆቼ እያንዳንዳቸው ስልካቸው ላይ ተደፍተው፣ ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም እያነበቡ ፊልም ያያሉ። ማንም ለማንም አይተረጉምም። ያ ሰው ጥቅጥቅ ያለበት ምንጣፍ እንዴት እንደሚናፍቀኝ!

አምና የዘይነብን ስልክ በስንት መከራ አግኝቼ ደሴ ደወልኩላት። የአባቴን ውሸት ተናዝዤ በእሱ ስም ይቅርታ ስጠይቃት ከት ብላ ሳቀች።

«እንግሊዝኛ ባላውቅ ካቴና ይጠፋኛል እንዴ የኔ ዓለም? ወላሂ ያኔውኑ አውቄያለሁ። ሁሉም ሌባ ሲለኝ፣ አባትሽ ለእኔ ብሎ ሲዋሽ አየሁና አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።»

አባቴ ይህን ሳይሰማ ነው የሞተው።