የሐኪሙ መኪና ማሞቂያ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ጓሮው ውስጥ አሮጌ ጆንያ ሲያቃጥል ሽታው በመስኮት ገባ። እጄ ላይ ያለውን ዳቦ አስቀመጥኩት። ልጄ አየችኝና፣ "አባባ፣ ጭሱ አስቸገረህ እንዴ?" አለች። "አዎ፣ ጭሱ ነው" አልኳት። ለእሷ ነግሬያት አላውቅም፤ እስቲ ላንተ ልንገርህ።

በረሃቡ ዘመን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ፣ መካኒክ ነበርኩ። ትምህርት የለኝም፤ ፊደልም የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው። እጄ ግን ሞተር ያውቅ ነበር። ሱዳኖቹ "ኡስታ" ይሉኛል፣ ባለሙያው ማለታቸው ነው፤ እኔም ስሰማው ደረቴ ይነፋ ነበር።

አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ዝቅ ያለች፣ የእሽቅድድም ዓይነት አሮጌ መኪና ነበረችው፤ ከተማረበት አገር በመርከብ ያስመጣት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ውሃ የሚባል አታውቅም፣ የሚያበርዳት ነፋስ ነው። የተሠራችበት አገር ብርድ ስለሆነ ማሞቂያ አላት። ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ ዙሪያውን ላሜራ ለብሷል፤ በመካከሉ የሚያልፈው ነፋስ ይግልና በሁለት ቱቦ፣ በግራና በቀኝ፣ ከወለሉ ሥር መጥቶ እግር ላይ ይወጣል። በየቱቦው አፍ ትንሽ ክዳን አለች፤ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለውን እጀታ ስትስብ ትከፈታለች፣ ስትመልሰው ትዘጋለች።

በሙቀቱ ወራት ሐኪሙ ላቡን እየጠረገ መጣ። "ኡስታ፣ እግሬ ተቀቀለ! ይቺ መኪና እኔን ለምሳ ነው የፈለገችኝ" ብሎ አሳቀን። ክዳኖቹ ዝገው፣ ተከፍተው ቀርተዋል። ትክክለኛው ሥራ ማርሚታውን ማውረድ፣ ክዳኖቹን ማላቀቅ፣ የእጀታውን ገመድ፣ ካቦውን፣ መቀየር ነበር። እኔ ግን የጆንያ ቁራጭ ጠቅልዬ ሁለቱንም ቱቦ ደፈንኩና በሽቦ አሰርኩት። ማሞቂያ ያለው መኪና ሲመጣ ሁላችንም እንዲህ ነበር የምናደርገው፤ ገዳሪፍ ላይ ማን ሙቀት ጨምሩልኝ ይላል? "ክዳኑን ሠራኸው?" አለኝ። "ሠራሁት" አልኩት።

ጥር ገባ። ሰው ከድንበሩ ወዲያ እየጎረፈ፣ ሜዳው በድንኳን ተሞልቷል። የዚያ አገር ንጋት ይበርዳል ብልህ አታምነኝም። ለበላ ሰው ምንም አይደለም፤ አጥንቱ ላይ ሥጋ ላልቀረው ግን ስለት ነው። ልጆች በረሃቡ ብቻ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ በብርዱ ያልቁ ነበር።

ሐኪሙ የመጠለያውን የውሃ ፓምፕ እንድጠግንለት ወስዶኝ እዚያው አደርኩ። ሰማዩ ሲገረጣ ቀሰቀሰኝ። አጠገቡ ከላስታ በእግሯ የመጣች ሴት ቆማለች፤ ደረቷ ላይ ያለ ወሩ የተወለደ ሕፃን አቅፋለች። "ከተማ ሆስፒታል እናድርሳቸው" አለኝ። "የጭነት መኪኖቹ ላያቸው ክፍት ነው፤ ነፋሱ ይገድለዋል። የኔዋ ማሞቂያ አላት።"

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ሽቦውን ለመበጠስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እኔ ግን ኡስታ መባሌን ወደድኩና ዝም ብዬ ከኋላ ገባሁ። ሴትዮዋ ከፊት፣ ከሐኪሙ አጠገብ ሆነች፤ እኔ ጉልበቴ አገጬን ነክቶ ተጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ እጀታውን ሳበ። አማርኛ አያውቅም። "ሞተሩ እስኪግል ትታገስ በላት" አለኝ።

"ትንሽ ታገሺ፣ ይሞቃል" አልኳት።

በበሩ ስንጥቅ ነፋስ ያፏጫል። ግራና ቀኝ የታጨደ የማሽላ አገዳ፣ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ሕፃኑ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ድምፅ ያሰማ ነበር፤ ከዚያ ዝም አለ። ሐኪሙ እጁን ወደ ወለሉ አስጠጋ። "አይመጣም። ካቦው ተበጥሶ ይሆን?"

"ይሆናል" አልኩ።

ምን ያህል መንገድ ሄድን መሰለህ? እኔም አላውቀውም። አንዳንድ ቀን አጭር ይሆንልኛል፣ አንዳንድ ቀን አያልቅም።

ሴትዮዋ ዞረች። "ወንድምዓለም፣ እግሩ እንደ ድንጋይ ሆነብኝ። መቼ ነው የሚሞቀው?"

በገዛ ቋንቋዬ ጠየቀችኝ። "አቁም!" አልኩት ሐኪሙን።

ፒንሳ ይዤ ጥቁሩ አፈር ላይ ተንጋለልኩ። ማርሚታው ክንዴን ጠበሰው። የግራውን ጆንያ ስነቅለው ከስሎ ይጨስ ነበር። የቀኙን ስነቅለው የሞተር ጭስ ገንፍሎ ወጣ፤ ማርሚታው በዚያ በኩል ተበስቷል። ይህ ሕፃኑን በእንቅልፉ ይወስደዋል ብዬ መልሼ ደፈንኩት። የግራው ብቻ ክፍት ቀረ። ቀና ስል ሐኪሙ አጎንብሶ እጄ ላይ ያለውን የከሰለ ጆንያ ያያል።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ግባ" አለኝ።

ሞተሩን እያስጮኸ ነዳ፤ ጥቂት ቆይቶ ሙቀቱ መጣ። ሴትዮዋ የሕፃኑን መጠቅለያ ጫፍ ገልጣ እግሮቹን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። "መጣ! መጣ እኮ! እጅህ ይባረክ ወንድምዓለም፣ የወለደችህ ትባረክ!" እኔ የሠራሁት መስሏታል። ከተማ እስክንገባ መረቀችኝ።

"ምንድን ነው የምትለው?" አለ ሐኪሙ።

"ታመሰግናለች" አልኩት። መንገዱን እያየ ነዳ።

በሦስተኛው ቀን ልነግራት ቆርጬ ሄድኩ። ሐኪሙን በር ላይ አገኘሁት። "ሲወለድም ደካማ ነበር" አለኝ። "የገደለው ያ ብርድ ነው ወይም አይደለም ብዬ ልነግርህ አልችልም።" አልፎኝ ገባ።

ሴትዮዋ ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እቅፏ ባዶ ነው። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ቀደመችኝ።

"ወንድምዓለም፣ ሲሄድ እግሩ ሙቅ ነበር። በመንገድ የቀሩት ሁለቱ ልጆቼ እንዲህ አልሄዱም።"

አፌን ዘጋሁት። ፀሐዩ ጀርባዬ ላይ እንዳረፈ ስታይ ጠጋ ብላ ከጥላው ቦታ ለቀቀችልኝ።