ስንዴና ኩራዝ ያለበት አርማ

ሱዳን ውስጥ ባለው በቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ሰው ፊደል ባይቆጥር እንኳ አርማ ያነባል። የእርዳታ መኪናውን በር ከሩቅ አይቶ ጀሪካን ይዞ መውጣት እንዳለበት ወይ ጆንያ፣ ይለያል። እኔም ፊደል በራሴ ጥረት ከመማሬ በፊት አርማ ማንበብ ነበር የለመድኩት።

ብቻዬን ነበርኩ። መዝጋቢ ሁሉ "ቤተሰብ ስንት ነው?" ይለኛል፤ "አንድ" እለዋለሁ፤ ጽፎ ያልፋል። ባሌ መንገድ ላይ እንደሞተብኝ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ የጠየቀኝ የለም። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ግን እርስ በርሳቸው የሚያወጉት በትግርኛ ነው፤ ሐዘን ደግሞ በተውሶ ቋንቋ አይወጣም።

አንድ ጠዋት ከገዳሪፍ በመጣ ሚኒባስ አንዲት አሮጊት ካቶሊክ መነኩሲት ወረዱ። ደረታቸው ላይ በክር የተጠለፈ ጋሻ፤ በጋሻው ውስጥ የስንዴ ዛላና የበራ ኩራዝ። በቃ! "ዱቄትና ላምባ መጣ!" ተባለና አረፍ ሳይሉ ሰልፍ ተሠራ። እኔም ጆንያዬን ይዤ ቆምኩ።

"ልጆቼ፣ ምንም አልያዝኩም፤ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት" አሉ ደንግጠው፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ከፊቴ የቆመችው ሴት "ታዲያ ስንዴው ምንድን ነው?" ብላ በአማርኛ አፋጠጠቻቸው።

"ስንዴው እኛ ነን፤ ተፈጭተን ለሰው ምግብ እንድንሆን ነው። ኩራዙ ከታመመ ጋር ማደር ነው። ከሥሩ የተጻፈው መሪ ቃላችን ነው፤ 'አጠገብህ አለሁ' ይላል።"

"አጠገቤማ ዝንቡም አለ፣ እማማ! በሉ ስትፈጩ ጥሩን።"

ሰልፉ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃም ተበተነ።

መነኩሲቷ አርማውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። "ሰው ላስጎመጅ ከሆነ ባልመጣ ይሻለኝ ነበር" እያሉ ወደ መኪናው ዞሩ። አማርኛቸው ሊሄድብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሮጬ ደጄ ላይ ጆንያዬን አነጠፍኩ።

"ሲስተር፣ እኔ ጋ ይቀመጡ።"

"የምሰጥሽ የለኝም እኮ፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ።"

ተቀመጡ። ጥቁር ልብሴን አዩና "ማን ሞተብሽ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሲስቅ ትከሻው እንደሚርገፈገፍ፣ ሰሊጥ ሲያጭድ ለራሱ እንደሚያንጎራጉር፣ ዶሮ ማረድ እንደሚፈራና ጎረቤት እንደሚለምን። እሳቸውም ሳቁ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ በእጃቸው ጠብቅ አሉት። ደግሞ ነፋ። መንገዱ ሳይመሽ የሚታለፍ ነበርና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ግንባሬን ሳሙኝ።

ገና ሠርጋችን ጋ አልደረስኩም ነበር። የቀረውን እዚያው ጆንያው ላይ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ለብቻዬ ጨረስኩት።