ፈረሱ የቆመባቸው በሮች

ሱስ ማገገሚያ ልገባ የተነሣሁ ዕለት በር ቆልፈው የሚያስሩኝ መሰለኝ። አባቴ «እኔው አደርስሃለሁ» አሉና ፈረሴ ላይ አውጥቻቸው፣ እኔ ልጓሙን ይዤ ወደ እንጅባራ ወረድን። «አረቄ የምቀምሰው ለዓመት በዓል ብቻ ነው» እያልኩ ስንት ዓመት እንደዋሸኋቸው ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል።

ከተማ እንደገባን ፈረሱ አንድ አረቄ ቤት በር ላይ ቀጥ አለ። ጎትቼ አስነሣሁት። ቀጥሎ ያለው አረቄ ቤት ሲደርስም ቆመ። እሱ እየቆመ፣ እኔ እየጎተትኩ ማገገሚያው ደረስን።

መዝጋቢዋ «በቀን ስንት ጊዜ ይጠጣሉ?» አለችኝ።

«አልፎ አልፎ ነው» አልኩ፤ መሬት አልዋጠችኝም።

አባቴ አንገታቸውን እንደደፉ፣ «የኔ ልጅ፣ ፈረሱ ስድስት ቦታ ቆሟል ብለሽ ጻፊ» አሏት።